ሳይነግረኝ መጣ

ቅዳሜ ማለዳ እህቴ ደወለች። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ «ጋሼ፣ አንድ ዘፈን ልኬልሃለሁ፤ ለአቡሽ ይሆነዋል አይሆነውም፣ አንተ ንገረኝ» አለችኝ። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ደርሷል። የዓመቱ ፎቶግራፎች በስክሪን ሲታዩ ከሥር የሚለቀቀው ዘፈን ተመርጧል፤ የእንግሊዞቹ የኮልድፕሌይ «ፊክስ ዩ» ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ይቆማሉ።

የእህቴ ልጅ አቡሽ 11 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ፊኛ የተሰቀለበት ልደት አይገባም። የጎረቤት ፕሬዠር ሲያፏጭ ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። ታክሲ ውስጥ ወያላው በሩን ድንገት ከደበደበ የዚያን ቀን መንገድ እዚያው አበቃ ማለት ነው፤ ወርደው በእግራቸው ይቀጥላሉ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ልጁ ጩኸት አይወድም» ይላል፤ እኔም ለዓመታት የምለው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ከሕንፃው ጀርባ የሚነሳ ጄኔሬተር አለ፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው እየጮኸ ካልሆነ አይደማመጥም። አቡሽ እዚያ ሄዶ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ቢሆነው አይሰለቸውም። እናቱ ለምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ «እሱ ሁልጊዜ አንድ ነው» አላት። ስለ ፊኛው፣ ስለ ፕሬዠሩ፣ ስለ ወያላው ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ አይለወጥም፦ «ሳይነግረኝ መጣ።»

እህቴ እኔን የጠየቀችኝ ራዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ 14 ዓመት ስለተቀመጥኩ ነው። ዘፈኑን አውቀዋለሁ። «እሱማ ለስላሳ ነው፤ ምንም አይለውም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ቡናው እስኪፈላ ልስማው ብዬ ከፈትኩት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስደርስ የሰጠሁት መልስ እንደማያስኬድ ገባኝ።

«ፊክስ ዩ» የወጣው በ2005 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ «ኤክስ ኤንድ ዋይ» በተሰኘው የቡድኑ ሦስተኛ አልበም ውስጥ። የዘፈኑ መነሻ ሐዘን ነው። የድምፃዊው የክሪስ ማርቲን የያኔዋ ባለቤት፣ ተዋናይቷ ግዊኔት ፓልትሮው፣ አባቷን ብሩስ ፓልትሮውን ያጣችው በ2002 ነበር። ሰውዬው ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ትልቅ ኪቦርድ ገዝቶ ነበርና ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ቀረ። ማርቲን እንደተናገረው፣ ያንን ኪቦርድ ሶኬት ላይ ሲሰካው ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ወጣ፤ ዘፈኑም ከዚያ ተወለደ። መግቢያው ላይ የምንሰማው ኦርጋን መሰል ድምፅ የለቅሶ ቤት ጸጥታ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዘፈኑ ወደ አምስት ደቂቃ ይጠጋል። መጀመሪያው ኦርጋንና አንድ ሰው ብቻ ነው። ማርቲን ማይኩን አፉ ሥር አድርጎ በቀጭኑ፣ ሊያንሾካሹክ ምንም ባልቀረው ድምፅ ያዜማል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጊታርና ፒያኖ ቀስ ብለው ይታከላሉ፤ ገና ሰው ሊያወራበት የሚችል ዘፈን ነው። ግማሹን አለፍ ሲል የጆኒ ባክላንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ይገባና አንዲት አጭር ዜማ ይደጋግማል። ከዚያ የዊል ሻምፒዮን ድራም ይወድቅበታል። ቤዙ፣ ሲምባሉ፣ የአራቱም የቡድኑ አባላት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይነሳል። በመጨረሻ ሁሉም ተነስቶ ይሄድና ማርቲን እንደ መጀመሪያው ብቻውን ይቀራል።

ሰው ይህን ዘፈን የሚወደው በዚያ መሀል ቦታ ነው። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ የሚዘልበት፣ ሐዘኑ የሚፈታበት ቦታ እሱ ነው። የእህቴም ጥያቄ እዚያው ላይ ነው።

ጸጥተኛው ግማሽ ያጃጅላል። ሰው ዘፈን ሲከፍት ድምፁን የሚያስተካክለው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። ኦርጋኑ ረጋ ያለ ስለሆነ እጁ ወደ ላይ ይሄዳል፤ «አይሰማም» ብሎ አንድ ሁለት ይጨምራል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ድራሙ ሲመጣ የጨመረው ሁሉ ይጠብቀዋል። እኔም ያን ዕለት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ጀበናውን አስቀምጬ ሮጬ ቀነስኩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዘፈኑ በጠቅላላው ምን ያህል ይጮኻል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው በራሱ ውስጥ ምን ያህል ከፍ ዝቅ ይላል የሚለው። ለመጀመሪያው ዛሬ መድኃኒት አለ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 የድምፅ ጉልህነት የሚለካበትን መመዘኛ አወጣ፤ የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ማኅበር በ2010 የጣቢያዎችን መጠን በእሱ ወሰነ። ስፖቲፋይን የመሰሉ አገልግሎቶችም ዘፈኖቹን ሁሉ ወደ አንድ መጠን፣ ከዜሮ በታች 14 ኤልዩኤፍኤስ (የጉልህነት መስፈሪያ ነው) ገደማ፣ ያስጠጓቸዋል። በዚህ ምክንያት አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር ሰው እንደ ድሮው አይደነግጥም።

ማስተካከያው ግን ዘፈኑን እንደ አንድ ጆንያ ነው የሚያነሳው፤ ውስጡን አይነካም። እንዲያውም እንደ «ፊክስ ዩ» ያለ ዘፈን ላይ ግማሹ ጸጥታ ስለሆነ አማካዩ ዝቅ ብሎ ይመዘገባል፤ ጮክ ያለው ክፍል ደግሞ ከአማካዩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሚጮኽ የሮክ ዘፈን ሲስተካከል ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ለስላሳ ተብሎ የተመሰከረለት ዘፈን ግን በአንድ ቦታ ላይ ከዚያኛው በልጦ ሊገኝ ይችላል። የአሥር ዴሲቤል ጭማሪ ለጆሯችን በግምት እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰማው። ለአቡሽ፣ ለእሱ ብቻ፣ የሚጮኸው ዘፈን የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት ያኔ ነው፤ ጄኔሬተሩን አስታወሰኝ።

በስልኬ የድምፅ መለኪያ አስነስቼ ነበር፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም በነፃ የሚያድለው ለአይፎን የተሠራ አለ። መርፌው ከኦርጋኑ ወደ ድራሙ ሲሻገር በዓይን የሚታይ ዝላይ ዘለለ። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የዘፈኑ ሳይሆን የእኔ ሳሎን፣ የእኔ ስፒከርና እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ቁጥር ነው። «ይህ ዘፈን ይህን ያህል ዴሲቤል ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በስንት ሜትር ርቀት፣ በምን ክፍል ውስጥ ብላችሁ ጠይቁት።

ጆሮ ለእንዲህ ዓይነቱ ዝላይ በር ጠባቂ አለው። መሀለኛው ጆሮ ውስጥ፣ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ከምታንሰው አጥንት ጋር የተያያዘች ስድስት ሚሊሜትር ገደማ የምትረዝም ጡንቻ አለች። ጉልህ ድምፅ ሲመጣ ትኮማተርና አጥንቷን ይዛ ወደ ውስጥ የሚያልፈውን ትቀንሳለች። ችግሩ ዘበኛዋ ትዘገያለች። እስክትነቃ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ያልፋል፤ የድራም ምት ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገብቶ ጨርሷል። በዚህ ላይ የምትከላከለው በአብዛኛው ወፍራሙን ድምፅ ነው። ቀጭኑ፣ ማለትም ሲምባሉ፣ የጊታሩ ጭረት፣ የፉጨት ድምፅ፣ ብዙም ሳይነካ ያልፋል። ጆሯችን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ንቁ የሚሆነው ከሁለት እስከ አምስት ሺህ ኸርትዝ ባለው ቀጭን ክልል ውስጥ ነው። ፕሬዠር የሚያፏጨው፣ ሕፃን የሚያለቅሰው እዚያው አካባቢ ነው።

ይህ እንግዲህ ጤነኛ የሚባለው ጆሮ ነው። ሃይፐራኩሲስ ያለበት ሰው ላይ ሌላው የማያስተውለው የሳህን ግጭት ያማል፤ «ይረብሻል» አላልኩም፣ ያማል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ ችግሩን ከጆሮ ይልቅ ከአንጎል ጋር ያገናኘዋል፦ አንጎል የራሱን ቮሊዩም ከፍ አድርጎ ትቶታል። ይህ ደግሞ አንድ የማይጠበቅ ነገር ያመጣል። በ2003 የታተመ የክሬግ ፎርምቢና የባልደረቦቹ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ያህል ጆሯቸውን ደፍነው እንዲቆዩ አደረገ፤ ሌሎቹን ደግሞ ለስለስ ያለ የማያቋርጥ ድምፅ በጆሯቸው አስያዘ። የደፈኑት ሰዎች ከዚያ በኋላ ድምፅ ይበልጥ ይጮኽባቸው ጀመር፤ ሲሰሙ የሰነበቱት ግን የበለጠ መቋቋም ቻሉ። ስለዚህ «ልጁን ከድምፅ ሁሉ ጠብቁት» የሚለው ምክር ፍቅር ቢሆንም የሚከፈልበት ዋጋ አለ። አቡሽ ቀኑን ሙሉ የጆሮ መሸፈኛ እንዲያደርግ የመከሩ ነበሩ። እህቴ መሸፈኛውን ቦርሳው ውስጥ ታስቀምጥለታለች፤ መቼ እንደሚያደርገው የሚወስነው እሱ ነው። ማንም ሳያስተምራት እንዲህ ማድረጓ ይገርመኛል።

ለድምፅ ስስ የሆኑ ሰዎችን ሁሉ እንደ አንድ ወገን ስናያቸው እንሳሳታለን። እናታችን 78 ዓመቷ ነው። «ምን አልክ?» ትለኛለች፤ ጨምሬ ስደግምላት «አትጩኽብኝ እንጂ!» ትቆጣለች። ይህ በእርጅና የመጣ የመስማት መቀነስ ነው፤ ዝቅተኛውን ድምፅ ያጠፋና ከፍተኛውን እንዳለ ይተወዋል፤ በመሀል ያለው ሜዳ ይጠባል። ለእሷ «ፊክስ ዩ» ሁለት ደቂቃ ምንም፣ ከዚያ ሁካታ ነው። ማይግሬን የተነሳበት ሰው ጋ ዘፈኑን መመዘን ትርጉም የለውም፤ ያን ሰዓት ኦርጋኑም ቢሆን ይበዛበታል፣ በማግስቱ ግን ሙሉውን ሊሰማ ይችላል።

የሚገርመው ሚሶፎኒያ ነው፤ ስያሜውን በ2001 ያወጡት ማርጋሬትና ፓዌል ያስትረቦፍ ናቸው። እዚህ ችግሩ የድምፁ መጠን ሳይሆን ዓይነቱ ነው፦ ሰው ሲያላምጥ፣ አፍንጫውን ሲስብ፣ ሲተነፍስ የሚሰማው። እንዲህ ያለ አድማጭ ድራሙን ምንም ሳይለው ያሳልፍና ሁላችንም ያመሰገንነው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ይቃጠላል። ማይኩ አፍ ሥር ስለሆነ የማርቲን ትንፋሽ፣ የከንፈሩ መላቀቅ ሁሉ ይሰማል። የሥራ ባልደረባዬ የነበረች አንዲት ጋዜጠኛ ይህ ነገር ነበረባት፤ ከሄቪ ሜታል ጋር ስምም ናት፣ እንግዶቻችን ስቱዲዮ ውስጥ ማስቲካ ሲያኝኩ ግን ሄድፎኗን አውልቃ ትወጣ ነበር። ከእሷ ጋር ብማከር ለወላጆች ቀን የምንመርጠው ዘፈን ሌላ በሆነ ነበር።

ኦቲዝም ላይ የድምፅ ስስነት በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ መስፈርት ውስጥ በግልጽ የገባው በ2013 ነው። ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት በ2002፣ ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብለው ነበር። እናቶች መመሪያው ላይ እስኪጻፍ አልጠበቁም።

የዚህ ዘፈን ባለቤት ራሱ ጆሮው ጭው ይላል። ክሪስ ማርቲን ከጉርምስናው ጀምሮ በከፍተኛ ድምፅ ሙዚቃ በመስማቱ የመጣበትን የማያቋርጥ የጆሮ ጩኸት በአደባባይ ተናግሯል፤ በ2012 እንግሊዝ አገር ለመስማት ጥበቃ በተደረገ ዘመቻ ላይም ስሙን ሰጥቷል። አንድ ፎቶግራፍ ትዝ ይለኛል። ጁላይ 2005፣ ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ፣ የሊቭ ኤይት ኮንሰርት። ኮልድፕሌይ ያን ቀን ይህንኑ ዘፈን ተጫውተዋል። ፓልትሮው አንድ ዓመት አለፍ ያላትን ልጃቸውን ታቅፋ ቆማለች፤ የሕፃኗ ጭንቅላት ላይ ፊቷን የሚያክል የጆሮ መከላከያ አለ። ያ መድረክ ለእኛ ሌላ ትዝታ አለው፤ በ1977ቱ ረሃባችን (ይኸኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ሞት አፋፍ ላይ ሆና ዓለም ያያት ብርሃን ወልዱ አድጋ የቆመችው እዚያው መድረክ ላይ፣ በዚያው ቀን ነበር። ሁለቱን ምስሎች ለየብቻ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ የአንድ ቀን መሆናቸውን ያሰብኩት ይህን ስጽፍ ነው።

ቡድኑ በ2022 በጀመረው የዓለም ዙሪያ ጉዞው ላይ መስማት ለተሳናቸው ድምፁን በሰውነት የሚያስተላልፍ የሚንቀጠቀጥ ሰደርያና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አቅርቧል። ለኮንሰርት ቦታዎች የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ያወጣው መስፈርት በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥና ሰው ጆሮውን የሚያሳርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲኖር ይላል። በግል ማዳመጫ ደግሞ ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20፣ 86 ላይ 10 ሰዓት። ጠቃሚ ቁጥሮች ናቸው፤ ጆሮ እንዳይጎዳ ይጠብቃሉ። ለአቡሽ ግን መልስ አይሆኑም። ፊኛ የሚፈነዳው በሰከንድ ሽራፊ ነው፤ በሳምንት አማካይ ውስጥ አይታይም።

ስለዚህ ዘፈኑን የምመዝንበትን መንገድ ቀየርኩት። ምን ያህል ይጮኻል ማለቱን ትቼ፣ ሲመጣ አስታውቆ ይመጣል ወይ ብዬ ሰማሁት። ሁለት የእንግሊዝ ዘፈኖችን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የሬዲዮሄድ «ክሪፕ»፣ በ1992 የወጣው፣ እሱም ረጋ ብሎ ይጀምራል። ጊታር ተጫዋቹ ጆኒ ግሪንውድ ዘፈኑ በዝቶበት የነበረውን ጸጥታ አልወደደውምና አዝማቹ ከመድረሱ በፊት ገመዱን በጭካኔ ይመታዋል፤ ክራክ፣ ክራክ። ያ ድምፅ እንዲያስደነግጥ ነው የተቀመጠው። ሃይደን በ1792 ለንደን ላይ ባሰማው ሲምፎኒ ዝግተኛው ክፍል ውስጥ ኦርኬስትራውን በሙሉ ድንገት አስጩኾ ታዳሚውን ከወንበሩ ያስነሳበት ዘዴ ወንድም ነው። «ፊክስ ዩ» ግን በር ያንኳኳል። ጊታሩ ብቻውን ይመጣል፣ አንድ ነገር ይደጋግማል፣ ከዚያ ነው ድራሙ የሚከተለው። ለሚያውቀው ሰው በቂ ማስታወቂያ ነው። ለማያውቀው ግን ማንኳኳቱ ራሱ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል።

ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቁሙ ያለ ምንም መሣሪያ ይዜማል። ዝማሜው በመቋሚያው ይወዛወዛል። መረግዱ ከበሮና ጸናጽል ያስገባል፣ እሱም ከዝግታ ጀምሮ። ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ጸናጽል ቀጭን ድምፅ ነው፤ ከበሮም ከበሮ ነው። አቡሽ ግን በበዓል ቀን ከአያቱ ጎን ቆሞ እስከ መጨረሻው ይሰማል። እኔ ለረጅም ጊዜ ይህን ለእምነት ሰጥቼው ነበር፤ አሁንም አልክድም። ግን ሥርዓቱ ጆሮን በደረጃ በደረጃ ይዞ እንደሚወጣም መዘንጋት የለበትም፤ ከቁሙ ዘልሎ ጽፋት ላይ የሚወድቅ ደብተራ አላየሁም።

እሑድ ከሰዓት እህቴ ቤት ሄድኩ። ላፕቶፔ ላይ የዘፈኑን የድምፅ ምስል አወጣሁለት፤ መጀመሪያ ቀጭን መስመር፣ እየሄደ የሚወፍር፣ መሀሉ ላይ እንደ ተራራ ተነስቶ መጨረሻው ላይ ተመልሶ ክር የሚሆን። አቡሽ ጠጋ ብሎ አየው። ጣቱን ተራራው ላይ አድርጎ፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ድራም ነው። ከእሱ በፊት ይሄ ጊታር ይመጣል። ይነግርሃል።»

«ስንት ደቂቃ ላይ?»

አሳየሁት። ድምፁን የሚቀንሰው ቁልፍ የት እንደሆነም አሳየሁትና እጄን አነሳሁ። ዘፈኑ ሲሄድ ጠቋሚዋን መስመር በጣቱ ተከተላት። ጊታሩ ሲገባ ሌላኛው እጁ ቁልፉ ላይ ሄደ፤ ድራሙ ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው «አሁን!» ብሎ ጮኸ፤ ወደቀ። ቁልፉን አልነካውም። እጆቹን እያርገበገበ ሳቀ። እህቴ ኩሽና በር ላይ ቆማ ነበር፤ ምንም አላለችም፣ ሽንኩርት መክተፉን ትታ ነበር።

«ድገመው» አለኝ። እህቴም ትስማው ብዬ በእሷ ስልክ፣ ከቪዲዮ መተግበሪያ ላይ ከፈትኩት። ማስታወቂያ ፈነዳ፤ አንዲት ሴትዮ ስለ ሳሙና ትጮኻለች። አቡሽ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ከውስጥ ምን እንዳለ መገመት አያቅታችሁም።

ለመምህሯ በአጭሩ ጻፍንላት። ዘፈኑ ይሁን፤ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከተቀዳ ፋይል ይለቀቅ፤ ድምፁ የሚስተካከለው መጀመሪያ ተራራው ላይ ተሞክሮ ይሁን፣ ከዚያ ወደ መግቢያው ይመለሱና ማንም እንዳይነካው። አዳራሹ ሲሚንቶ ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ ያስተጋባል፤ ድምፅ ከፍ ሲል ደግሞ ቤዙና ቀጭኑ በጆሮ ላይ ይበልጥ ይጎላሉ፤ ፍሌቸርና ማንሰን ይህን በ1933 በመስመር ሥለው አሳይተዋል። ሳሎን ውስጥ በቀስታ የተሞከረ ዘፈን አዳራሽ ሲገባ ሌላ ዘፈን ነው። አቡሽ በሩ አጠገብ ይቀመጥ። የድምፁን ምስል በወረቀት አትሜ፣ ደቂቃዎቹን ጽፌበት ሰጠሁት።

ቀኑ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ፎቶዎቹ መታየት ጀመሩ፣ ኦርጋኑ ገባ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሆን ከኋላ አንድ አባት፣ «ድምፅ ጨምሩ እንጂ፤ አይሰማም!» አሉ። ሌሎችም ተቀበሉ። የመምህሯ እጅ ወደ ሚክሰሩ ሲሄድ አየሁ። ቀና ብላ እህቴን አየቻት፤ እጇን መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ሰውየው ሲያጉረመርሙ ነበር፤ ድራሙ እስኪመጣላቸው ድረስ።

አቡሽ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። መሸፈኛው አንገቱ ላይ ነው። ጊታሩ ሲገባ ጣቱ ተራራው ግርጌ ደርሷል። ድራሙ ወደቀ፤ ትከሻው ከፍ አለ፣ እንደገና ወረደ። ሁሉም ነገር ተነስቶ ሄዶ ማርቲን ብቻውን ሲቀር የልጁ ጣት ክሩ ላይ እየተንሸራተተ ወረቀቱ ዳር ደረሰ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፉጨት፣ እልልታ፣ ወንበር የሚደበድቡ አባቶች። አቡሽ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ተከትዬው ስሄድ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መሸፈኛውን አድርጎ ነበር፤ አላለቀሰም። ኪሱን ሲፈትሽ ቆየና እስክሪብቶ ስጠኝ ብሎ በእጁ ምልክት አሳየኝ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ክሩ ከሚያበቃበት ቦታ ቀጥሎ፣ ባዶው ህዳግ ላይ፣ ከእኔ ተራራ የሚበልጥ ጥቁር ጉብታ ሣለና አጠገቡ ሰዓቱን ጻፈበት።